ለቀይዋ መኪና የሞላሁት ቅጽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ካህን ጉዳይ ሊያስፈጽሙ እኔ ወደምሠራበት መዝገብ ቤት መጡና የዳዊታቸውን ማኅደር ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፉት። ቆዳው እንዳይደርቅ በቅቤ የታሸ ነበር። በመስኮት የገባው ፀሐይ ሲያገኘው የሞቀ ቆዳና የለጋ ቅቤ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ እኔም የካህኑን ስም ሁለት ጊዜ አሳስቼ ጻፍኩ። እኔ የሰው ስም አሳስቼ አልጽፍም። ግን ልንገርሽ፣ ያ ሽታ ለእኔ የዳዊት ሽታ አይደለም፤ የመኪና ሽታ ነው።

አጎቴ ሞላሌ ውስጥ አንዲት ቀይ መኪና ነበረቻቸው። ጣሊያን ሠራሽ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣራዋ የሚገፈፍ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች። በወጣትነታቸው ሾፌር ሆነው ያገለገሉት የመንገድ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው የሄደው ነገር እሷ ነበረች። ከመሬት ያላት ከፍታ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። አንድ ገበያ ቀን ይዘዋት ቢወጡ አንድ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ዞረዋት ሲያበቁ፣ «ምነው፣ ይቺ ገና ከመኝታዋ አልተነሳችም እንዴ?» ብለው ጠየቋቸው። አጎቴ አይቀየሙም። ጠዋት ጠዋት የተከናነበችውን የበግ ጠጉር ባና ገልጠው ያዩዋታል፣ አቧራዋን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያለብሷታል። የወንበሯን ቆዳ ደግሞ በየወሩ እንደ ፈረስ ኮርቻ በለጋ ቅቤ ያሹታል።

የአጎቴ ሚስት «ጣውንቴ» ነበር የሚሏት። ቁርስ ሲያቀርቡ፣ «ጣውንቴ እንዴት አደረች? አልበረዳትም?» ይላሉ። አጎቴም እንዳልሰማ ሰው ይጎርሳሉ። ነገር የከረረው ገብሱ እጅግ ባማረበት ዓመት ነው። ሚስትየው መኪናዋ የተኛችበትን ክፍል ለጎተራ ፈለጉት። እህል ደጅ ዝናብ ሊመታው ነው፣ ብረት ግን ቤት ውስጥ ይከናነባል ብለው ለነፍስ አባታቸው ከሰሱ።

የነፍስ አባታቸው በእኛ አገር ደንብ ባልና ሚስቱን አስቀምጠው ግራ ቀኙን ሰሙ። መኪና እንደማያውቁ፣ ስለዚህም የሚያውቅ ቢፈርድ እንደሚሻል ተናገሩ። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ደብረ ብርሃን ላይ ተሰብስበው መኪኖቻቸውን ሊያሳዩና ሊያወዳድሩ ነው የሚል ወሬ ደርሶን ነበር። ፍርዱም በዚያ ላይ ታሰረ፤ ዳኞቹ ማዕረግ ከሰጧት ትቀመጥ፣ ካልሰጧት ግን ከአጨዳው በፊት ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ትሂድ። ሁለቱም መስቀል ተሳለሙ። አጎቴ ሲሳለሙ ከንፈራቸው ትንሽ ቆየ።

እኔ ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ሴት ሆኜ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች እትዬ ይሉኝ ነበር፤ አስተማሪያችንም አንዳንዴ ይሳሳትና ይለኛል። ዘግይቶ የተማረ ሰው በፊደል ላይ ጨካኝ ነው። አጎቴ ማንበብ እንጂ መጻፍ እጃቸውን ስለሚያንቀጠቅጣቸው ጸሐፊ አድርገው ይዘውኝ ሄዱ።

ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ጣራዋን ገፈው፣ «ለትርኢት የምትሄድ መኪና ተሸፍና አትሄድም» አሉኝ። በርኖሳችንን ደርበን፣ ጆሯችንን በነጠላ ጠፍረን፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብለን ነጎድን። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ዋጠን። ጭነት መኪናዎቹ ከላያችን ሲያልፉ የማየው ጎማቸውን ብቻ ነበር። አጎቴ ደግሞ ያፏጫሉ። ሲያፏጩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ሜዳው ላይ መኪኖቹ እንደ ሙሽራ ተደርድረዋል። ባለቤቶቹ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርገው እርስ በርስ ኮፈን ከፍተው ያሳያያሉ። እኛ ዳር ቆምን። አጎቴ መኪናዋን ሊወለውሉ ሲያጎነብሱ የምሞላው ቅጽ ተሰጠኝ። አጎቴ ቀና ሳይሉ፣ አንድም ጥያቄ እንዳላልፍ አደራ አሉኝ።

የባለቤት ስም፣ የመኪናው ቀለም፣ ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። መጨረሻ ላይ ግን «ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረ ወይም የተለወጠ አካል ካለ ይዘርዘር» ይላል፤ ለመልሱም ሦስት መስመር ተሰምሮለታል። ሦስት መስመር አልበቃኝም። አንደኛ፣ ጣራው የመንዝ ባና ነው ብዬ ጀመርኩ። ሁለተኛ፣ የማርሹ እጀታ ዋንጫ ሠሪ የጠረበው የበሬ ቀንድ ነው። ሦስተኛ፣ ወንበሩ የታጨቀው በሁለት በግ ጠጉር ነው፤ አንደኛው በግ ጥቁር ስለነበር እሱንም ለይቼ ጠቀስኩ። ክላክሱ የአውቶብስ፣ የነዳጁ ክዳን የወይራ እንጨት። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ቀጠልኩና አሥራ ሰባት ላይ ቆምኩ። ቁጥሮቹን ደግሜ አመሳከርኩ። እጅግ ኮርቼ ነበር።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። ዋናው ነጭ የእጅ ሹራብ ያጠለቀ ቀጭን ሰው ነው። ወንበሩን ዳሰስ አደረገና እጁን አየ፤ ነጩ ቢጫ ሆኗል። አሸተተው።

«ምንድን ነው የቀባችሁት?»

«ለጋ ነው» አሉ አጎቴ፣ ከኩራት በተሠራ ድምፅ። «ያልተነጠረ።»

ቀትር ነበርና የሜዳው ዝንብ ሁሉ ወደ እኛ መጥቷል። ሌሎቹ መኪኖች ላይ አንድም አልነበረም። ዳኛው ቅጹን ወሰደ፣ ፊቱን አነበበ፣ ገለበጠ፣ እንደገና ፊቱን አነበበ። ሁለቱ ባልደረቦቹ በትከሻው ላይ ተንጠልጥለው ያነቡ ጀመር፤ ጥቁሩ በግ ጋ ሲደርሱ አንደኛው ዞር ብሎ ሳለ። ዳኛው ማን እንደጻፈው ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩት።

«እህቴ፣ ይህን ቦታ እኮ ሰው ሁሉ ባዶውን ነው የሚተወው» አለኝ፣ በማዘን ዓይነት።

ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ሊተው እንደሚችል ያን ቀን አወቅሁ። ከሰዓት በኋላ የሰጡን ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፤ «ተሽከርካሪው ከመጀመሪያ አሠራሩ እጅግ የራቀ በመሆኑ በየትኛውም ማዕረግ ሊመደብ አልቻለም።» አጎቴ አነበቡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ስንመለስ አላፏጩም። ሞላሌ ልንገባ ስንል ብቻ መንገዱን እያዩ፣ «የጻፍሽው እውነት ነው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታቸው መጡ። የአጎቴ ሚስት ክፍሉ የሚጠረግበትን መጥረጊያ በር ላይ አስደግፈው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አጎቴ ወረቀቱን አወጡና ለካህኑ ሰጡ። ካህኑ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከላይ እስከ ማኅተሙ ሄዱ። ከዚያም ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ዓይኔ ደክሟል፤ አንቺ አንብቢው።»

እኚህ ሰው በዚያው ጠዋት በጧፍ ብርሃን ከደቂቅ ጽሕፈት ሲያነቡ አንዲት ቃል አልሳቱም። ቀና ብዬ አየኋቸው። መቋሚያቸውን ያዩ ነበር።

ወረቀቱን ያዝኩ። የአጎቴ ሚስት አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና አነበብኩ፤ «ይህች መኪና በዚህ አገር አምሳያ ያልተገኘላት ስለሆነ ከሌሎች ጋር መመደብ አልተቻለም። በክብር እንድትጠበቅ ተወስኗል።» ሕይወቴን ሙሉ አንድ ሆሄ ያልሰረቅሁ ሴት፣ ማኅተም ባለው ወረቀት ላይ፣ በካህን ፊት።

ፊደል የማይቆጥሩት የአጎቴ ሚስት ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው አረጋገጡ። «እንግዲህ ጣውንት በማኅተም ከመጣች ምን አደርጋለሁ» አሉና መጥረጊያውን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ። አጎቴ እስኪያርፉ ድረስ ገብሱ የተቀመጠው ከባልና ሚስቱ አልጋ ሥር ነው።

የዚያኑ ቀን አመሻሽ ላይ አጎቴ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ግቢ አሉኝና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ጉልበቴ ላይ አኖሩት።

«እስኪ ድገሚልኝ» አሉ።

ዳኛው የጻፈውን በገዛ ዓይናቸው አንብበውታል። እኔም ወረቀቱን ዘርግቼ፣ ጠዋት ያነበብኩትን ቃል በቃል ደገምኩላቸው። ስጨርስ ግን አላጠፍኩትም። «እንዲሁም» ብዬ ቀጠልኩ፣ «ሾፌሯ አንድም ቀን አልበደላትም።»