የኦቦ ኢቲቻ ደጅ ጥናት

«የሃምሳ ስምንቱ ክረምት ነበር» ብሎ ይጀምርና ዳኜ ወዲያው ይጠራጠራል። የለም፣ የሱሉልታ ሜዳ ባሕር መስሎ የከረመው በሃምሳ ዘጠኝ ነው። ብቻ ቀጄላ ከውጭ አገር የመጣው በዚያ ክረምት ነበር።

ሁለቱ አብሮ አደጎች ናቸው። ዳኜ እዚያው ሱሉልታ አስተማሪ ሆኖ ቀረ፤ ቀጄላ ስለ ዕፀዋት ለዶክትሬት ይማር ነበር። የመጣው ለጥናቱ የረግረጉን ሣር ሊሰበስብ ቢሆንም ልቡ ያለው ዩኒቨርሲቲው ባወጣው አንድ የመምህርነት ቦታ ላይ ነው። ሣሩን በጋዜጣ መሐል እየደረደረ፣ «እነሱ ካልቀጠሩኝ፣ ከእንግዲህ የሚፈልገኝ ላም ብቻ ነው» ይል ነበር።

አባቱ ኦቦ ኢቲቻ አልሳቁም።

«ማመልከቻ ጽፈህ ቁጭ አልክ? ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ደጅ ሳይጠና ማን ተሾሞ ያውቃል?»

«አባ፣ የክፍሉ ኃላፊ እኮ ፈረንጅ ነው።»

«ፈረንጅ ደጅ የለውም?»

በማግሥቱ ዘመድ ልጠይቅ ብለው ጋቢያቸውን ደርበው አዲስ አበባ ወረዱ። ጠያይቀው የኃላፊውን ቤት አገኙ። ጧት መኪናው ሲወጣ እጅ ይነሣሉ፤ ማታ ሲገባም እንዲሁ። ደጅ ጠኚ እስኪጠየቅ አይናገርምና ምን እንደሚፈልጉ ትንፍሽ አላሉም።

ዩኒቨርሲቲው ለክረምት ተዘግቶ ስለነበር ቀጄላ ለቃለ መጠይቅ የተጠራው እዚያው ቤት ነው። ዳኜ ሸኘው። በሩን የከፈቱላቸው ኦቦ ኢቲቻ ነበሩ፤ የካኪ ካፖርት ለብሰው፣ ዱላ ይዘው።

«እኔን ሾመኝ!» አሉ በሹክሹክታ። «ጧት ማታ ቆሜ ቢያየኝ ዘበኛ አደረገኝ። አሁን የቤት ሰው ነኝ፤ ያንተን ደግሞ ቀስ ብዬ…»

ቀጄላ የካፖርታቸውን ኮሌታ አስተካከለላቸውና ገባ። ብዙም አልቆየም።

«ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ስትጨርስ ጻፍልን አለኝ» አለ ሲወጣ።

«አይዞህ» አሉ ኦቦ ኢቲቻ በሩን እየዘጉ፤ «እኔ እዚህ ቆሜ ሌላ ቦታ ቢከፈት አያመልጠንም።»

ዳኜን ግን ሌላ ነገር ከነከነው። ቀጄላ ውስጥ ገብቶ «ዘበኛው አባቴ ናቸው» ብሎ ይሆን? ወይስ ዝም ብሎ ወጣ? ሳምንቱን ሙሉ ሣር አብረው ሲያስሩ ጥያቄው አፉ ላይ እየደረሰ ተመለሰ።

ቀጄላ ወደ ውጭ አገር የሚመለስበት ዕለት ሁለቱ አስፋልቱ ዳር ቆሙ። ኦቦ ኢቲቻ በር ጥበቃ ላይ ስለነበሩ አልመጡም።

«ቀጄላ፣ ያን ዕለት ለፈረንጁ…»

ከፍቼ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው አውቶቡስ ደርሶ ቆመ። ረዳቱ «ቶሎ በሉ!» እያለ የበሩን ቆርቆሮ ደበደበ። ቀጄላ የሣሩን ጥቅል እንደ ሕፃን አቅፎ ዘሎ ገባ።