ሙሽሪት ያልወጣችበት በር

ሙሽራው ለሙሽሪት በር ሊከፍትላት ሲስብ ሙሽሮቹን የጫንኩባት የቮልስ መኪናዬ እጀታ ተገንጥሎ እጁ ላይ ቀረ። ዛሬ፣ እዚሁ ቆሰበር፣ በወላጆቹ ደጅ፣ በእልልታው መሀል።

የውስጡን መክፈቻ ሞከርን። እሱም አዲሱን እጀታ ከገዛሁበት ሱቅ የገዛሁት አዲስ ነውና ዝም ብሎ ይዞራል።

ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ፣ ካምቢዮውን ተሻግራ በሾፌሩ በር ወጣች።

የሙሽራው አያት እጀታውን ተቀብለው አገላበጡት። «ልጄ፣ ቆርቆሮ ነው እንዳልል ቆርቆሮን መስደብ ይሆንብኛል» አሉኝ።

ሻጩ «እንደ ዋናው ተደርጎ የተሠራ ነው» ብሎኝ ነበር። ሲያብረቀርቅማ ዋናውን ያስንቃል። የአባቴን መኪና ለማደስ ስንት ክረምት ለፍቼ በመጨረሻ የገጠምኩላት ቆሻሻ ነው። ያስጠላል።

ዋናውን እጀታ ዝጓል ብዬ ስጥለው እናቴ አንስታ የዶሮ ቤቷ በር ላይ አስመትታው ነበር። አሁን ቤት እንደገባሁ በንዴት ሳብኩት። ዶሮ ቤቱ ተነቃነቀ፤ እጀታው ግን ወይ ፍንክች።

እናንተንስ አዲስ የተባለ ዕቃ ሰው ፊት ያዋረዳችሁ መቼ ነው? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልፈር።

እኔ እናቴን እጀታውን መልሺልኝ እያልኩ እየለመንኩ ነው። «የዶሮዎቼን በር በምን ልዝጋው? በአዲሱ?» ትለኛለች።