የልብስ ሰፊው ክፍል አየር

አርብ ገበያ ከተማ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ፣ ቀን በረንዳዬ ላይ የሚሰፋ፣ ማታ ከሱቄ ጎን ባለችው ክፍል የሚያድር ልብስ ሰፊ ተከራይ ነበረኝ። ሳል ያዘው። ብርድ ነው አልን፤ ክረምቱ ወጥቶ ገብስ ሲታጨድ ሳሉ ግን አልወጣም። ሰው ሱሪውን ሊያሳጥር ሲመጣ ከሩቅ ቆሞ ጨርቁን ይወረውርለት ጀመር። ቀጥሎ ነገሩ ቀበሌ ደረሰ። በደርግ ጊዜ ቀበሌ የማይደርስ ነገር አልነበረም፤ ለሳልም ስብሰባ ተጠራ።

"ከመሀላችን ይነሳልን" አሉ። ቢነሳ የት ይሄዳል? ሚስት የለው፣ መሬት የለው።

በዚያ ሰሞን ከጎንደር ለልምምድ የመጣ የጤና ባለሙያ ነበርና ሊቀመንበሩ "የክፍሉን አየር መርምረህ ንገረን" አለው። "የሳንባ ነቀርሳ እንዲህ አይገኝም፤ ደብረ ታቦር ሄዶ አክታውን ያስመርምር" ቢል ማን ሰምቶት። ስብሰባው ወስኗል።

ሁለት ክዳን ያላቸው ትናንሽ የመስታወት ሳህኖች ይዞ መጣ፤ ውስጣቸው እንደ ቀዘቀዘ የአጥንት መረቅ የረጋ ነገር አለ። አንዱን ልብስ ሰፊው ክፍል፣ ሌላውን ለማነጻጸሪያ እኔ ሱቅ፣ ከጨው ጆንያ በላይ ካለው መደርደሪያ ከፍቶ አስቀመጠ።

"እስከ ማታ እንዳትነኳቸው። አየር ላይ ያለው ባክቴሪያ ይወርድባቸዋል፤ ሙቀት ሲያገኝ ይበቅላል።"

"እንደ ብቅል?" አልሁት።

"እንደ ብቅል።"

ማታ ከድኖ ወሰዳቸውና በሦስተኛው ቀን በሰው ፊት አወጣቸው። የልብስ ሰፊው ሳህን እንዳለ ንጹሕ ነው። የእኔው ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ ሞልቶታል። "ይሄ እኮ በየትም ቤት..." ብሎ ሊያስረዳ ሲጀምር ሳቁ ዋጠው።

"በሽታው ለካ ነጋዴው ቤት ኖሯል" አለ አንዱ። "ከእንግዲህ ጨው ስትመዝን አፍህን ሸፈን አድርግ።"

ልብስ ሰፊው የዚያን ለት ጎረቤቱን ሁሉ ጠላ ጋበዘ። የደብረ ታቦር ነገር ተረሳ።

እቤት ገብቼ ለሚስቴ አወራሁላት። "የልብስ ሰፊውን ክፍል ልጠርግ ብገባ፣ ያ መረቅ የመሰለው ተከፍቶ ባየው በምግብ ሳህኔ ከደንሁት" አለችኝ። "ምግብ ተከፍቶ ይተዋል እንዴ? ማታ ሳህኔ ለራት ሲያስፈልገኝ አነሳሁት።"

"የእኛንስ?"

"ከጆንያ በላይ የሰቀላችሁትን በምን ዓይኔ ልየው?"

ብናገር ክፍሉን ያስለቅቁታል። ደግሞስ ማን ያምነኛል? ደንበኞቼ ወደ ማዶው ሱቅ መሻገር ጀምረዋል፤ ገበያውን ሊመልስ በድሃ ላይ አወራ እባላለሁ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እውነትና ጥቅሜ ቢገጥሙ፣ ለመናገር አፈርሁ። ዝም እንዳልል ደግሞ ልብስ ሰፊው ከጓሮ መሐረቡን ለብቻው ሲያጥብ አየሁ፤ ውኃው ቀልቷል።

እሑድ ክፍሉ ሄድሁና "በሽታው እኔ ቤት መገኘቱን ሰምተሃል፤ ልመረመር ደብረ ታቦር መሄዴ ነው። ብቻዬን ፈራሁ" አልሁት።

አዘነልኝ። "እኔማ ነጻ ነኝ፤ አንተን ግን ብቻህን አልሰድም።"

መኪና እስከሚገኝበት እስከ ነፋስ መውጫ በእግር ነው። በየዳገቱ ትንፋሹ እያጠረው ይቆምና "አረፍ በል እንጂ ወንድሜ፣ በሽተኛ ነህ" ይለኛል። እኔም አርፋለሁ። ከዚያ በጭነት መኪና ደብረ ታቦር ገባን።

"ከመጣህ አይቀር አንተም አክታህን ስጥ" አልሁት፤ ሰጠ። ውጤቱ ሲመጣ የእኔ ነጻ ነው፤ የእሱ ግን የሳንባ ነቀርሳ።

ወረቀቱን አገላብጦ "ሳህኔ ንጹሕ አልነበረም ወይ?" አለኝ። የሚስቴን ነገር ነገርሁት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"እዚያው ብትነግረኝ ለሱቁ ብሎ ነው ብዬ እቀር ነበር።"

"እሱን ፈርቼ ነው።"

"ብቻዬን ፈራሁ ያልኸኝስ?"

"እሱ ውሸት ነው።"

ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። ሕክምናው የወራት መርፌ እንደሆነ ነግረውት ስለነበር፣ ሳሉ በረድ ሲልለት ተነሥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ መርፌ ለመወጋት ከተሰለፉት ኋላ ቆመ።