የጨርቅ ነጋዴው ልኬት

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሲይዙኝ ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር። ለአንድ ትልቅ ሹም ሱሪ እየለካሁ ነበር ብዬ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር መጋረጃ እየቆረጥኩ ነበር። ጥፋቴ በየቤቱ ተሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስ ከሚያነቡት አንዱ መሆኔ ነው። ያን ጊዜ የጸሎት ቤታችን ተወርሶ የእህል መጋዘን ሆኗል።

የእስር ቤቱ ክፍል ውስጥ እንደገባሁ በሜትሬ ለካሁት፤ አራት በሦስት ተኩል። አሥራ አንድ ነበርን። ሳወራው አርባ አደርገዋለሁ። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ በጋምቤላ የመጋቢት ፀሐይ ጠዋት እንቁላል ብታስቀምጥበት ለምሳ ጫጩት፣ ለራት አውራ ዶሮ ይሆንልሃል።

አብረውን የታሰሩ አንድ አኙዋ አዛውንት ነበሩ፤ ድሮ ባሮ ወደብ መርከብ ላይ የሠሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። መጽሐፋቸውን ሲወስዱባቸው "የወሰዱት ወረቀቱን ነው" አሉ። ጠዋት ጠዋት አንዲት ቃል ከልባቸው አውጥተው በሹክሹክታ ይሰጡናል። ስብከት የለም። ማታ ሲሆን ግን እያንዳንዳችንን "የዛሬውን ቃል የት አዋልከው?" ይሉናል። እኔ እንደ ልማዴ ፈጥሬ አወራ ነበር። ጠላትን መውደድ በደረሰን ቀን አንድ ትኋን በምሕረት ማሳለፌን መስክሬአለሁ።

ከአጠገቤ የሚተኛው አቡጀዲ ደብቀሃል ተብሎ የታሰረ የወሎ ነጋዴ ነው። ሙስሊም ነው፤ ቢሆንም የማታው ጥያቄ አያልፈውም። "ደግ ነገር ከሆነ ምን ቸገረኝ" ይልና ይመልሳል።

በየቀኑ ሁለት እስረኛ በጠባቂ ታጅቦ ከባሮ ውኃ ያመላልሳል። አንዱ ሁልጊዜ እኔ ነኝ፤ ተራውን የምለምነው በምክንያት ነው። በዚያ ሰዓት ሚስቴ ወንዝ ዳር ልብስ ታጥባለች። ለመነጋገር አይፈቀድም። ስታየኝ ብቻ፣ ልታሰር ሳምንት ሲቀረኝ የተወለደውን ልጃችንን ከራሷ በላይ ከፍ ታደርገዋለች። ቀለቤ እሱ ነበር።

አንድ ቀን የጠዋቱ ቃል፣ አንድ ምዕራፍ መንገድ ሂድ ብሎ ለሚያስገድድህ ሁለተኛውን ጨምርለት የሚለው ሆነ። የውኃው ተራ የሽማግሌውና የእኔ ነበር። የእኛን በርሜል እንደሞላን ሽማግሌው ለጠባቂው የእናንተንም እንሙላላችሁ አሉት። ጠባቂው ቁልፉን ስጠን የተባለ ይመስል ደነገጠና አዛዡን ጠራ።

አዛዡ ከላይ እስከ ታች አየን። "ማነው ይህን ያስተማራችሁ? እዚህም ትሰበሰባላችሁ?"

ቃሉ የሚመጣው ከሽማግሌው መሆኑ ከታወቀ ጨለማ ቤት ብቻቸውን ይገባሉ። ሌሊቱን ሙሉ በሚያስላቸው ሳል ከዚያ በሕይወት አይወጡም። እሳቸው ደግሞ መዋሸት አይችሉም፤ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኳቸው።

"እኔ ነኝ ጓድ አዛዥ። ሚስቴ ወንዝ ዳር ትመጣለች። ሁለቴ ልያት ብዬ እሳቸውን የለመንኩ እኔ ነኝ።"

አዛዡ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ "ከዛሬ ጀምሮ ወንዝ አታይም" አለ።

ማታ ጥያቄው ሲደርሰኝ፣ ዛሬ ዋሸሁ እንጂ የትም አላዋልኩት አልኩ። ሽማግሌው እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ። "ስለ ውሸቱ ነገ እንነጋገራለን" አሉ።

በማግስቱ ወገቤን ያመኛል እያለ ውኃ ቀድቶ የማያውቀው ነጋዴ ተነሥቶ በእኔ ተራ ወረደ። ማታ ማንም ሳይጠይቀው ማውራት ጀመረ። ሚስቴ እኔን ስታጣ ማጠቡን ትታ ተነሥታለች፤ እሱ የሞላ ጀሪካኑን እንደ ልጅ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ አሳይቷት፣ ደህና መሆኔ ገብቷት ስቃለች።

"ልጁስ?" አልኩት።

"ክንድ ተኩል ሆኗል። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የለካ ዓይን ነው ያየው፣ አትጠራጠር።"

ከዚያ ወዲያ ወገቡን ይዞ እየወረደ ማታ ማታ ልኬት ያመጣልኝ ጀመር። ዛሬ በጣት ጨመረ፣ ዛሬ በሁለት ጣት። እኔም ኮሌታዬ ውስጥ የቀረችውን መርፌ አውጥቼ፣ ከገዛ ሸሚዜ ጀርባ ላይ ቆርጬ፣ በነገረኝ ልክ እጀ ጠባብ ሰፋሁ። ስፈታ ልጁ በነጋዴው ልኬት ሁለት ክንድ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ቤት ደርሼ አለበስኩት። እግሩ ጠፋ። እጁም ጠፋ። እናቱ እየሳቀች በጨርቁ ውስጥ ፈለገችው። በዚያች ከተማ በማጋነን የሚበልጠኝ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ነጋዴውም ሲፈታ ሱቁ ድረስ ሄጄ ምነው ጉድ ሠራኸኝ አልኩት።

"አንተ ልብስ ሰፊ፣ ገበያ አታውቅም?" አለኝ። "ትክክለኛውን ልኬት ሰጥቼሃለሁ፣ የቀረው ምርቃት ነው።"

ዛሬ እኔና ሚስቴ ከሥራ በፊት አንዲት ቃል እናነባለን፤ ማታ የት አዋልከው የምትለኝ እሷ ናት። አሁንም እፈጥራለሁ፤ አሁንም ታውቅብኛለች። ያ እጀ ጠባብ ሳጥን ውስጥ አለ፤ ልጁ እስኪሞላው ድረስ ሁለት ዓመት ለብሶታል። የሕፃን ልብስ ስቆርጥ ሁልጊዜ አራት ጣት ትርፍ እተዋለሁ። እናቶቹ በዛ ሲሉኝ፣ ይደርስበታል፣ ምርቃት ነው እላቸዋለሁ።