«በነፃ ነው የጫነን»

ከሻንቶ ገበያ ወደ ሶዶ በሚመለስ ጭነት አይሱዙ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ አንድ መልስ ያውቅ ነበር። የትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ «ስንት ስንት ከፈላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «በነፃ ነው የጫነን፤ ዘመዳችን ነው» ይባላል። በጭነት መኪና ሰው እያስከፈሉ መጫን ክልክል ነው። ሹፌሩ ከተቀጣ በሚቀጥለው ገበያ አይጭንም፤ እሱ ካልጫነ ደግሞ የቅቤው፣ የዝንጅብሉና የሸማው ነጋዴ በእግሩ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ማንም ሳያስጠናን ሁላችንም እንለው ነበር። እኔም ለዘገባ ወጥቼ ሚኒባስ ባጣሁባቸው ቀናት፣ ማስታወሻ ደብተሬ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብዬዋለሁ። ሙያዬ የተረጋገጠውን መጻፍ ነው፤ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ለፖሊስ የተናገርኩትን ግን እንደ ውሸት ቆጥሬው አላውቅም።

ታናሽ እህቴ ሻንቶ አጠገብ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶዶ እናታችን ዘንድ ትመጣለች። የሶዶ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ገና ኮብልስቶን ይነጠፍባቸው የነበረበት፣ ባጃጅ መብዛት የጀመረበት ጊዜ ነው። በክረምቱ መግቢያ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የማውቀው ሰው ደውሎ ዝንጅብል የጫነ አይሱዙ መገልበጡን ነገረኝ። የደወለው ለዜና ይሆነዋል ብሎ ነው። እኔም ለዜና ሄድኩ።

መኪናው በራሰው ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። የተጨፈለቀ ዝንጅብል ሽታ አፍንጫ ያቃጥላል። እንደ ልማዴ መጀመሪያ የሰሌዳ ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ቀጥሎ ተሳፋሪዎቹን ቆጠርኩ። ማሳው ውስጥ ተበታትነው የተቀመጡ፣ የተጫጫሩ፣ ክንዳቸው የወለቀ አሥር ሰዎች ነበሩ። ስንት ነበራችሁ ብዬ ስጠይቅ አሥራ አንድ አሉኝ። አሥራ አንደኛዋን ሰዎች ጆንያ እያነሱ ሊያወጧት ሲታገሉ ደረስኩ። ፊቷ ወደ መሬት ነበር። ያወቅኳት እናታችን በሠራችላት ሹራብ እጅጌ ነው። ደብተሬ ላይ «10» የሚለው ቁጥር እንዳለ ቀረ፤ ያን ዜና ሌላ ሰው ጻፈው።

ኦቶና ሆስፒታል በወሰድናት በማግሥቱ የትራፊክ ፖሊሱ ቃሏን ሊቀበል መጣ። ግራ እግሯ ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰብሮ ታስሯል። ሹፌሩ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እናቱና እናታችን አበልጅ ናቸው። መኪናው ግን የሌላ ሰው፣ የአንድ ነጋዴ ነበር። ፖሊሱ ከፍላ እንደሆነ ሲጠይቃት እህቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ «በነፃ ነው የጫነኝ፤ ጎረቤቴ ነው» አለች። ከአልጋው ራስጌ ቆሜ ነበር። እንደምትከፍል አውቃለሁ፤ ዝም አልኩ። ፈረመች። የቀሩት አሥሩም ያንኑ ብለው መፈረማቸውን በኋላ ሰማሁ።

ከዚያ ሽማግሌዎች ገቡበት። ሦስት የተከበሩ ሰዎች፣ ከሹፌሩ እናት ጋር፣ ደጋግመው ቤታችን መጡ። ባለ መኪናው ለእህቴ ማሳከሚያ እንደሚያግዝ ተናገሩ፤ ሽማግሌ ተቀምጦ እያለ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ደግሞ ነውር ነው። እናቴ ነውር እንዲሠራ አትፈልግም። ባለ መኪናው አንዴ መስቀልና ጊፋታ ይለፍ ይላል፣ አንዴ ፋሲካ ይለፍ ይላል፣ አንዴ ከሄደበት እስኪመለስ ይላል። ሽማግሌዎቹ ተንኮለኞች አልነበሩም። ባለ መኪናው በእነሱ በኩል ቀኑን እየገፋ እንደነበር እነሱም ያወቁት ከእኛ ጋር ነው።

እህቴ በክራንች ወደ ማስተማሯ ተመለሰች። ቁስሏ ይድንና እንደገና ይከፈታል። ሁለተኛው ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳየን፤ አጥንቱ አልገጠመም። አዲስ አበባ ሄዳ ሌላ ቀዶ ሕክምና ማድረግ አለባት፤ ከዘገየ እግሩን ማትረፍ ላይቻል ይችላል አለን። ይህን ለባለ መኪናው እንዲነግሩልን ሽማግሌዎቹን ላክናቸው። ሲመለሱ አንደኛው ቆቡን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ሲያሽከረክር ቆየ። የተላከልን መልስ አጭር ነበር፤ በነፃ ለተጫነች ሴት ምን አለብኝ፣ ራሷ ፈርማለች።

በሚቀጥለው ቀን ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ቢሮው ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ከማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ወረቀቱን ሁሉ አንብቦ ያለንን መንገድ አንድ በአንድ ነገረን። እርቁን ባለ መኪናው ራሱ ዘግቶታል። የወንጀሉን ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ዘግቶታል፤ ምርመራው ፍሬኑ በድንገት እንደተበጠሰ ስለሚል በሹፌሩ ላይ ጥፋት አልተገኘም። የቀረን የካሳ ክስ ነው፤ በባለ መኪናውና በኢንሹራንሱ ላይ። መኪናው ለዕቃ የተመዘገበ ስለሆነ ኢንሹራንሱም መከራከሩ አይቀርም። ዋናው ጥያቄ ግን ከፍላለች ወይስ አልከፈለችም የሚለው ነው።

«ከፍለሽ ከሆነ» አላት፣ «የጫነሽ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። በነፃ ከሆነ ግን ጥፋቱን አንቺ ማስረዳት አለብሽ። ጥፋት ደግሞ እዚህ ወረቀት ላይ የለም።»

«ከፍያለሁ» አለች።

«ፖሊስ ዘንድ ያለው ቃልሽ እንደዚያ አይልም።»

ቀጥሎ አደጋው የደረሰበትን ቀን ጠየቀን። ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። ሕጉ ለካሳ ክስ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው፤ ይርጋ ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው እውነቱን ቢይዝም በሩ ይዘጋበታል። ሽማግሌ ላይ ነበርን ቢባል የሚሰማ የለም። የቀረን ሁለት ወር አይሞላም ነበር።

ብዙ አደጋ ዘግቤያለሁ፤ ጥይት በሚተኮስበትም ቦታ ቆሜ አውቃለሁ። እንደዚያ ሁለት ወር ግን ፈርቼ አላውቅም። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማስበው የቀሩትን ቀናት ነው። ቢሮ ተቀምጬ የአይሱዙ ጥሩምባ ስሰማ እጄ ከወረቀቱ ላይ ይነሳል። እህቴ ፍርሃቷን በሌላ መንገድ ነበር የምታሳየው፤ ማታ ማታ ሹራቧን እግሯ ላይ ጣል አድርጋ፣ እንዳለ የምታረጋግጥ ይመስል፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትነካቸው ነበር።

ክሱን በጊዜው ለማስገባት ጠበቃው ቢያንስ አንድ ምስክር ፈለገ፤ አብሯት የተሳፈረና መክፈላቸውን የሚናገር። የአሥሩን ሰዎች ስም ከፖሊስ ሪፖርቱ ላይ ገልብጬ ገበያ በገበያ መዞር ጀመርኩ። ምን ማለት እንዳለባቸው አልነግራቸውም፤ የሆነውን ብቻ ይናገሩ እላለሁ። ያም ሆኖ ከኋላዬ ሰው ያለ እየመሰለኝ እዞራለሁ፤ ምስክር ሲያስጠና ተያዘ የሚባለው ወሬ በአንድ ቀን ሶዶ ይደርሳል። አንዱ በሩን አልከፈተልኝም። አንዱ ዘመድ ለመጠየቅ ሃላሌ ሄዷል ተባልኩ፤ ድምፁን ግን ከጓሮ ሰምቼዋለሁ። አንድ ሸማኔ ከሸማው ቀና ሳይል፣ ፖሊስ ፊት አንድ ቃል ዳኛ ፊት ሌላ ቃል ሰጥቶ እስር ቤት መግባት እንደማይፈልግ ነገረኝ። ልሄድ ስነሳ ቀና አለ።

«ግን አንተ ጋዜጠኛው» አለ፣ «አብረኸን ስትጫን አንተስ ምን ትል ነበር?»

ሚስቱ ከውስጥ ስትስቅ ሰማኋት።

ስማቸው ከዝርዝሩ መጨረሻ የነበረው አንዲት ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ሻንቶ ገበያ ውስጥ ቅቤያቸውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስለ ክሱ የነገርኳቸውን ሁሉ ሰሙ። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«እግሯ መግል አለው?»

«አልፎ አልፎ፣ እናቴ።»

«ይሸታል?»

«ይሸታል።»

ቅጠሉን መልሰው ሸፈኑት። ሹፌሮቹ ቢያኮርፏቸው ቅቤውን በምን ሶዶ እንደሚያደርሱ ጠየቁኝ። የሚፈሩት እስሩን አልነበረም። አስበውበት ሊነግሩኝ እንኳ ቃል ሳይገቡ ሸኙኝ። ጠበቃው ስማቸውን በምስክር ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ፣ ይርጋው ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ክሱን ከፈተ።

ቀጠሮው ከተቆረጠ በኋላ አንድ ምሽት አጎታችን መጣ። ለብዙ ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ የነበረ፣ ወረቀት አውቃለሁ የሚል ሰው ነው። ለእህቴ የሚሻለው፣ ፖሊሱ ሲመጣ በመርፌ ደንዝዤ ነበር፣ ያልኩትን አላስታውስም ማለት እንደሆነ አስረዳት። ማንም የማይጎዳበት መንገድ ነው አለ። እህቴ ወደ እኔ ዞረች፤ ያን ቀን አልጋው ላይ ሆና እንዳየችኝ አየችኝ። ትክክል አይደለም ማለት ነበረብኝ። ግን ስለ እግሯ እያሰብኩ ነበር፤ አሁንም ዝም አልኩ። ችሎት እስክንገባ ድረስ የምትለውን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

በቀጠሮው ጠዋት ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ሹፌሩ ከባለ መኪናው ጋር በሌላ ወንበር ተቀምጧል፤ እናቱ ከእናቴ ጎን። ቅቤ ነጋዴዋ አልታዩም። የባለ መኪናው ጠበቃ ተነስቶ የእህቴን የፖሊስ ቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ ፊርማውንም አሳያት።

«ይህን ብለሻል?»

ክራንቿን ወንበሩ ላይ አስደግፋ በአንድ እግሯ ቆማለች። የምትወድቅ መሰለኝ።

«ብያለሁ» አለች። «ዋሽቼ ነው።»

አጎታችን ከኋላዬ ተነፈሰ። ዳኛው ከወረቀታቸው ቀና ብለው፣ ለፖሊስ የሐሰት ቃል መስጠት እንደሚያስጠይቅ ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። አውቃለሁ አለች። ታዲያ ለምን ዋሸች?

«እዚያ መኪና ላይ የሚወጣ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። እሱ እንዳይቀጣ ብዬ ነው። እግሬን አላሰብኩትም። ደንዝዤ አልነበረም፤ ሁሉንም አስታውሳለሁ።»

ዳኛው ረጅም ነገር ጻፉ። ብዕሩ ሲጭር ይሰማል። ለእህቴ የፈራሁት ነገር ያኔ ሁለት ሆነ፤ ካሳዋን ልታጣ ነው፣ በዚያ ላይ ራሷ ልትከሰስ ነው። ከዚያ ምስክር ተጠራ። አንዴ ተጠራ፣ መልስ የለም። ሁለተኛ ሲጠራ በሩ አጠገብ የቆሙት ሰዎች መንገድ ከፈቱ፤ ቅቤ ነጋዴዋ ጫማቸው ጭቃ እንደያዘ ገቡ። በእግራቸው ነበር የመጡት።

በወላይትኛ ነው የተናገሩት፤ አስተርጓሚ ቀረበ። መጀመሪያ እሳቸው ራሳቸው ጠየቁ፣ እውነት ከተናገርኩ ታስሩኛላችሁ? ዳኛው እውነት በመናገር የሚታሰር እንደሌለ ነገሯቸው። ጠበቃችን በዚያ ቀን ሹፌሩ ተሳፋሪዎቹን በነፃ ጭኖ እንደሆነ ጠየቃቸው። አንዲት ዐረፍተ ነገር መለሱ፤ ግማሹ ችሎት በሳቅ ተንጫጫ። አስተርጓሚው ፊቱን ሰብስቦ ወደ አማርኛ መለሰው፦

«እሱ? እሱ እኮ እናቱንም በነፃ አይጭንም።»

ያኔ የቀረው ግማሽ ሳቀ። ዳኛው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። የሹፌሩ እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ሹፌሩ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ዳኛው ሥርዓት አስይዘው እሱን ጠየቁት። ባለ መኪናው ክንዱን ያዘው። ተነሳና፣ መሬት መሬት እያየ፣ ሁሉም ከፍለዋል አለ።

ፍርዱ ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ተሰጠ። የሐሰት ቃሉን ፍርድ ቤቱ በተግሣጽ አለፈው፤ ኢንሹራንሱ በክርክሩ ነፃ ወጥቶ፣ ባለ መኪናው የሕክምናዋንና የጉዳቷን ካሳ እንዲከፍል ተወሰነ። ለይግባኝ ስልሳ ቀን አለው ስለተባልን እነዚያንም ቀናት እየፈራን ቆጠርናቸው። ማንም ሳይመጣ አለፉ። እህቴ አዲስ አበባ ሄዳ አጥንቷ ገጠመ። ግራ እግሯ አጠረ፤ ግን አለ። ዛሬም መኪና ላይ ስትወጣ የሚቀጥለው ቁልቁለት የት እንደሆነ ትጠይቃለች፤ የትኛውም መንገድ ቢሆን።

ሹፌሩ ሥራውን አጣ። ጓደኞቹ ግን ያኮረፉት በቅቤ ነጋዴዋ ላይ ነው። ይህን የሰማሁት ከወራት በኋላ፣ ከሻንቶ በሚኒባስ ስመለስ፣ ቅርጫታቸውን ተሸክመው በመንገዱ ዳር ሲሄዱ አይቻቸው ነው። ሚኒባሱን አስቁሜ አሳፈርኳቸው። ከሹፌሩ ጓደኞች ሁለቱ ሲያዩዋቸው ፍጥነት እንደሚጨምሩ ያለ ምሬት ነገሩኝ። ይህ ሊጻፍ የሚገባው ነገር እንደሆነ፣ ስማቸውን ሳልጠቅስ ልዘግበው እንደምችል ነገርኳቸው። ደብተሬን አወጣሁ።

እጃቸውን ደብተሩ ላይ አደረጉ።

«ተወው፣ ልጄ» አሉ። «አሁን ሁለቱ ናቸው የማይጭኑኝ። ከጻፍክ ሁሉም ይተዉኛል።»

መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ከፊታችን ዝንጅብል የጫነ አይሱዙ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሁለታችንም የፍሬን መብራቱን እያየን ነበር።