የጋሽ ደምሴ ጀርባ

ይህን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም ነበር። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ፍሪዌይ ላይ ሾፌር መስደቤን ዘርዝሬያለሁ። ይህቺን ግን ምላሴ ሥር ይዣት ገብቼ ምላሴ ሥር ይዣት ወጥቻለሁ። እናንተ የምታነቡት አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ለዚህ ይሆናል የደፈርኩት። እኔ ሰው አስደብድቤያለሁ። ዱላ አልያዝኩም፣ ማንንም አልላክሁም። በብሩሽና በአንዲት አጭር መልስ ነው ያስደበደብኩት፤ የተደበደበውም ያጎረሰኝ ሰው ነው።

ጋሽ ደምሴ ከእናቴ ጋር አንድ ሰፈር ያደገ ሰው ነው፤ በሥጋ አንዛመድም። በዲቪ የመጣሁ ጊዜ ኤርፖርት ጠብቆ ሳን ሆዜ ቤቱ ወሰደኝ። ሚስቱ እትዬ ጽጌ አርፋ ከትንሿ ልጁ ከሊያ ጋር ብቻውን ይኖር ነበር። ሳሎኑን ለቀቀልኝ። ሥራ አፈላለገልኝ፣ መንዳት አስተማረኝ፣ ስታመም ሾርባ ሠርቶ አጠጣኝ። ዓመት ሙሉ ሶፋው ላይ ስተኛ አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላጠቆረብኝም። ቢያጠቁርብኝ ምናለበት? ትንሽ ቢሰድበኝ፣ ትንሽ ቢያስከፋኝ፣ ውለታው ይቀልልኝ ነበር። እሱ ግን ደግ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ደግነት መሸከም የማልችል ክፉ ነበርኩ።

በዚያው ዓመት፣ ሙቀት በበረታበት አንድ ቀን፣ ከሥራ ቀድሜ ገባሁና ጓሮ ሸሚዙን አውልቆ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ራሱ ላይ ውሃ ሲያፈስ አገኘሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ከትከሻው እስከ ወገቡ ጤነኛ ቆዳ አልነበረውም። ጠባሳው እርስ በርሱ እየተሻገረ፣ በችኮላ እንደተጣፈ ጨርቅ ተጨማዷል። ዞር ሲል አየኝና ሸሚዙን እርጥብ ገላው ላይ አጠለቀ። ከዚያ በኋላ ነገረኝ፤ በደርግ ጊዜ ገና ተማሪ ሳለ ታስሮ፣ ወፌ ላላ ተሰቅሎ፣ እግሩንና ጀርባውን ተገርፏል። ሊያ እንኳ አታውቅም። ሰው ሲያዝንለት ስለማይወድ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ፣ ማልኩለት። ያን መሐላ እንዴት አድርጌ እንደጠበቅሁት ታያላችሁ።

የራሴን ቤት ተከራይቼ ኦክላንድ ከገባሁ በኋላ አንድ ክርስትና ላይ ተገናኘን። ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ እያሳየ፣ ይሄ ልጅ ሲመጣ የሚያደርገው የኔን ካልሲ ነበር፣ አሁንም ብትፈትሹት የኔን ነው ያደረገው ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቀ። ላገባት ያሰብኳት ልጅ አጠገቤ ነበረች፣ እሷም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቀልዱ የፍቅር ነበር፤ እንደ ታናሽ ወንድሙ ስለሚያየኝ ነው የቀለደብኝ። ይህን አላውቅም ነበር ልበላችሁ? አውቅ ነበር። እያወቅሁ ወደ ቤቴ ስነዳ መሪውን እንደ አንገቱ አንቄ ይዤ ነው የነዳሁት። ቢሞትልኝ ብዬ ተመኘሁ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሕንፃ ከብዙ ዘመን በፊት የሠሩት ከፖርቱጋል የመጡ ሰዎች ናቸው። ሸጠውልን ሲወጡ ከአውሮፓ ያስመጧቸውን ትልልቅ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ትተውልን ሄዱ። ፈረንጅ ደም ሲሥል አይሳሳም። ዮዲት የሆሎፎርኒስን ራስ በጸጉሩ አንጠልጥላለች። የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት ወጭት ላይ ተቀምጦ ዓይኑ ገርበብ ብሏል። የሄሮድስ ወታደሮች ሕፃናትን ከእናታቸው ጡት እየነጠቁ በሰይፍ ይወጋሉ። ትልቁ ግን የጌታ ግርፋት ነበር፤ ጌታችን ከዓምድ ታስሮ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቷል፣ ገራፊው ጅራፉን ወደ ኋላ ሰብስቦ ሊያወርደው ነው። ጣራው አፍስሶ የገራፊውን ፊትና የጌታን ጀርባ ቀለም ጨርሶ አርግፎት ነበር።

ሽማግሌዎቻችንን ያስከፋቸው ሌላ ነገር ነው። ጌታ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በእኛ ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን፣ ይሁዳና ገራፊ ነው። እኔ ይህን ሙያ ሠዓሊ ከነበረ ከመሪጌታ አጎቴ ተምሬአለሁና ሥዕሉን እንዳድስ፣ በሥርዓታችንም እንዳስተካክል አደራ ሰጡኝ። አደራ ነው ያሉኝ፣ በዚሁ ቃል።

ሥዕሉን ሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ አጋድሜ ከሥራ መልስ ስሠራ ከረምኩ። የጌታን ፊት በትከሻው ላይ ወደ እኛ መለስኩት፣ ሁለት ዓይን ሰጠሁት። ከዚያ ገራፊውን ጀመርኩ። እጄ ሳላስበው ሄደ አልልም። እጅ ብቻውን አይሄድም፤ እኔ ነኝ የወሰድኩት። ጉብ ያለውን የጋሽ ደምሴን አፍንጫ፣ ወደ ፊት የወጣውን አገጩን፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ኪንታሮት፣ በጎን፣ በአንድ ዓይን ሣልኩት። ሣልኩትና ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘሁም።

የቀረኝ የጌታ ጀርባ ነበር። የተገረፈ ገላ በሕይወቴ ያየሁት አንድ ብቻ ነው። ያንን አመጣሁት። እያንዳንዱን ጠባሳ መልሼ ከፍቼ ቁስል አደረግሁት፣ ደም አስወረድኩበት። ከአንድ ሰው ፊቱን ወስጄ ለገራፊው፣ ጀርባውን ወስጄ ለተገራፊው ሰጠሁ። እንዲህ ያለ ስርቆት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሥዕሉ የተሰቀለ ቀን መጀመሪያ ያወቁት ልጆች ናቸው። አንዷ ጮክ ብላ፣ “ማሚ፣ ሉክ፣ አንክል ደምሴ” አለች። ሰው ሳቀ። ጋሽ ደምሴ ራሱ ቀርቦ አየና ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ አፍንጫዬን አሳንሰህልኛል፣ ተባረክ አለኝ። ጀርባውን አላወቀውም። የገዛ ጀርባውን የሚያይ ማን አለ?

ነገሩ በቀልድ በቀረ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ምእመኑ ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ ሕንፃውን ሸጠን ፍሪሞንት ሰፋ ያለ ቦታ እንግዛ ሲል ገሚሱ አይደረግም አለ። ጋሽ ደምሴ ለፍሪሞንት ይከራከር ነበር። የጠሉት ሰዎች ሥዕሉን እያዩ ይጠቃቀሱ ጀመር። መጀመሪያ “ገራፊው” የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፣ ስሙን ወሬ ተከተለው። በደርግ ጊዜ ሰው ይገርፍ ነበር ተባለ። አብሮት የኖረው ሠዓሊ የሚያውቀው ነገር ባይኖር እንዲህ አድርጎ አይሥለውም ነበር ተባለ። ወሬው ጆሮው ሲደርስ ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ መጣ።

“ምን ላድርግ?” አለኝ። “ሸሚዜን አውልቄ ዐውደ ምሕረት ላይ ልቁም?”

ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር። አንተ አይተሃል፣ አንተ ንገርልኝ ማለቱ ነው፤ ከመሐላዬ እየፈታኝ ነበር። ገብቶኛል። እኔ ግን ተዋቸው ጋሼ፣ ያልፋል አልኩት። ለምስጢሩ የታመንኩ መስዬ መሐላዬን እንደ ጋሻ ያዝኩት።

አቶ ታፈሰ የሚባሉ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ። ታናሽ ወንድማቸው በደርግ ጊዜ ሲገረፍ ሞቶ ሬሳውን እንኳ አላገኙም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሉ ሥር አጠገቤ ቆሙ።

“ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይሄን ፊት እዚህ ያስቀመጥከው የምታውቀው ነገር ኖሮ ነው?”

ቂም ይዤ ነው፣ ሰውየው ራሱ የተገረፈ ነው ብል ሁሉም እዚያው ባበቃ ነበር። ምን አልኩ?

“ሠዓሊ ያየውን ነው የሚሥለው፣ አባባ” አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን ቃሌን ለመመለስ ሳምንቱን ሙሉ ጊዜ ነበረኝ። ስልካቸው ነበረኝ። ቤታቸውንም አውቀው ነበር። አልደወልኩም፣ አልሄድኩም። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አልጠረጠርኩም ብል ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ አላምነኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ሰው ከቅዳሴ እየወጣ ነበር። ጋሽ ደምሴ የመኪናውን በር ሊከፍት ጎንበስ ብሏል። አቶ ታፈሰ የጎማ መፍቻ ብረት ይዘው ከኋላው መጡ። የወንድማቸውን ስም ጠሩና ብረቱን አወረዱበት። የመጀመሪያው ጆሮው ላይ አረፈ፤ እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ደምሴ በጉልበቱ ወረደ፣ ራሱን በእጁ ሸፈነ፣ ብረቱ ጣቶቹን ሰባበረ። ደግመው መቱት። አገጩን፣ ትከሻውን፣ እንደገና ራሱን። ሴቶች ይጮኻሉ። ከሁሉም ቅርብ እኔ ነበርኩ፤ እጄን ብዘረጋ ብረቱን እይዘው ነበር። አልዘረጋሁም። ቆሜ ምን ሳደርግ እንደነበር ካልነገርኳችሁ ኑዛዜዬ ሁሉ ውሸት ነው፤ ደሙ ከጆሮው ወደ አንገቱ እንዴት እንደሚወርድ እያየሁ ነበር። ሥዕሌ ላይ ደሙን ከመጠን በላይ እንዳቀላሁት አስተዋልኩ። ሰው ፊቴ እየተገደለ እኔ ስለ ቀለም አሰብኩ። ወጣቶቹ ደርሰው ብረቱን ሲነጥቁ ሽማግሌውን አስፋልት ላይ ጥለው ረገጧቸው። ያንንም ቆሜ አየሁ።

ጋሽ ደምሴ አልሞተም። ቀኝ ጎኑ ሰለለ፣ ንግግሩ ጠፋ። ሊያን ፍሪሞንት ያለች አክስቷ ወሰደቻት። አቶ ታፈሰ የወንድማቸውን ደም የመለሱ እንደመሰላቸው እስር ቤት ሞቱ። ፖሊስ ሲጠይቀኝ ምንም አላውቅም አልኩ። ሥዕሉ እስካሁን እዚያው ነው። እናቶች እየመጡ የጌታን ቁስል ይሳለማሉ፤ በጋሽ ደምሴ ጠባሳ ላይ ከንፈራቸውን ያሳርፋሉ። ቀና ሲሉ ደግሞ ገራፊውን አይተው ይረግሙታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ሰው፤ እኔ ወግቼም መርሳት አቃተኝ። እንዲያም ሆኖ ዓመታት ዝም አልኩ።

በቅርቡ ሊያ መጣች። ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። አባቷ ከተመታ ወዲህ ደጃችንን ረግጣ አታውቅም፤ የእናቷን ስም በጸሎት ለማስጠራት ነበር የመጣችው። ሥዕሉ ፊት ደርሳ ቆማ ቀረች። በየሳምንቱ እየሄደች አባቷን የምታጥበው እሷ ናት፣ እያንዳንዱን ጠባሳ ታውቀዋለች። ወደ እኔ መጣችና ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረችኝ።

“ዛት ኢዝ ማይ ዳድስ ባክ። የዳዲ ጀርባ ነው። አንተ አይተኸዋል፣ ቢፎር። ዳዲ ገራፊ ነው ሲሉ ታውቅ ነበር።”

አዎ አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም፣ አልመታችኝም፤ ብትመታኝ በወደድኩ። መኪናዋ ውስጥ አስገብታ ሳን ሆዜ አባቷ ወደሚጦርበት ነርሲንግ ሆም ወሰደችኝና፣ “ለሱ ንገረው። ኤቭሪ ወርድ፣ አንድም ሳታስቀር” አለችኝ።

ጋሽ ደምሴ ወንበሩ ላይ ነበር። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ከተመታ ወዲህ ከአፉ የሚወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እሺ። ውሃ ትፈልጋለህ ሲሉት እሺ ይላል፣ ሲያመው እሺ ይላል፣ ሲያለቅስም እሺ እያለ ነው። ተንበርክኬ ደህናውን እጁን ይዤ ነገርኩት። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ለአቶ ታፈሰ የሰጠሁትን መልስ፣ ቆሜ ማየቴን። እጁን የቱ ላይ ስደርስ እንዳወጣው አላውቅም፤ ስጨርስ ግን እጄ ውስጥ አልነበረም። ይቅር በለኝ ጋሼ አልኩት።

“እሺ” አለ።

ያን እሺ ይዤ ልወጣ እችል ነበር። ግን ሌላ ቃል ቢኖረው ኖሮ የትኛውን ይመርጥ ነበር? እንቢ የሚልበትን አፍ ያሳጣሁት እኔ ነኝ። እንቢ ማለት ከማይችል ሰው ይቅርታ አይወሰድምና አልወሰድኩትም። እናንተም ይቅር በሉኝ አልልም።

የምለምናችሁ ሌላ ነው። ጋሽ ደምሴ በዕድሜው ሙሉ ማንንም አልገረፈም። በልጅነቱ ተገረፈ፣ በሽበቱ ተደበደበ፣ በመካከሉ እኔን አበላኝ። በዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሉ ሥር ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ። ድፍረቴ ቢከዳኝ ግን እናንተ ተናገሩልኝ። እኔን የፈለጋችሁትን በሉኝ፤ ለእሱ ስሙን መልሱለት።