ጠጋኙን አስቁሙልኝ

ሰፈሩ «እቴጌ ክሪክ» ያላት ሊያዋርዳት ብሎ ነው። ሴት ልጅ ጭነት መኪና ሥር ተንበርክካ በክሪክ ብድግ ስታደርገው ማየት የአንዳንድ ጨዋ ሰዎችን ምሳ አላስበላ ብሎ ነበርና። እሷ ግን ስድቡን ተቀብላ ዘውድ አደረገችው፤ በጎማ ቤቷ በር ላይ በቀይ ቀለም አጻፈችው። እነዚያው ጨዋዎች ጎማቸው ሲተነፍስ «እቴጌ አለች?» እያሉ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ጨዋነታቸው እስከ መጀመሪያው ሚስማር ድረስ ነበር።

ባሏን ደግሞ «ጠጋኙ» ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሐኪም ቤት ካርድ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ይህ ሰው በቃኝ ማለት አያውቅም፤ ስለው ግን እያመሰገንኩት አይደለም። አንድ ቀን ከጎማነቱ ልጥፍነቱ የበዛ የውስጥ ጎማ ይዞ ሲታገል ዋለ። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላው ይፏጫል። የአየር መሙያው ሞተር ሲያጓራ፣ የተሰለፈው ደንበኛ ሲራገም፣ ቤንዚኑ ጥርግ ብሎ አለቀ፤ ለደህናው ጎማ እንኳ የሚሆን ትንፋሽ ጠፋ። እቴጌ መዶሻውን ከእጁ ነጠቀችው።

«ቀዳዳው አይደለም የገደለን፣ ጥገናህ ነው!»

አኩርፎ ጀርባውን ሰጥቷት ራቱን በላ።

እንዲህ ያለውን ሰው አንዲት የዛገች ሽቦ ጣለችው። መዳፉን ብትወጋው በጎማ ማስቲሽ ለጥፎ ሥራውን ቀጠለ፤ ሌላ ምን ያውቃል? ቁስሉ በማስቲሹ ሥር አመረቀዘ፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሙ ገባ። ሲያንቀጠቅጠው «ብርድ ነው» አለ። ሲቃዥ ግን ማመካኛ አለቀበት። አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቷል፤ ዕድሜውን ሙሉ አየር ሲሞላ የኖረውን ሰው ዛሬ ማሽን ይሞላዋል።

ኮሪደሩ ላይ ከእቴጌ ጎን ታላቅ ወንድሙ ጥቁር ከረባት አስሮ ተቀምጧል። ጠጋኙ ገና ይተነፍሳል፤ ከረባቱ ግን ቀብር ደርሷል።

አንድ ወጣት ሐኪም ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። «እስካሁን የሰጠነው አልያዘልንም። ሌላ መድኃኒት ጨምረን ልንሞክር እንፈልጋለን። በአጭሩ፣ ጠጋኙን እናስቆመዋለን።»

ወንድምየው «ይረፍ እንግዲህ» አለና ከረባቱን አጠበቀ። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ለአክስቶቹ «ጠጋኙን ሊያስቆሙት ነው» ብሎ አረዳ። ለመርዶ ሲሆን እጁ ፈጣን ነው።

እቴጌ ከወንበሯ ተስፈነጠረች። «ማንን ነው የምታስቆሙት? ማሽኑን የሚነካ ወንድ ካለ ይምጣ! በክሪክ ነው ብድግ የማደርገው!»

«እትዬ፣ ይረጋጉ! እኔ የምለው ኢንዛይሙን ነው።»

«ባሌ ኢንዛይም አይደለም! ጎሚስታ ነው!»

የተማረ ሰው «በአጭሩ» ሲል የሰማ፣ ጫማውን አውልቆ ይሩጥ። ሐኪሙ የሰውዬውን ቅጽል ስም ሲነግሩት ግንባሩን በመዳፉ መታና አጠገቧ ቁጭ ብሎ በረጅሙ ጀመረ።

«በየሕዋሳችን ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ክር አለ። ክሩ ሲበጠስ ደርሶ የሚጠግን ኢንዛይም አለ፤ ጠጋኝ ያልኩት እሱን ነው። በደህናው ቀን ባለውለታችን ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ሲመጣ ግን ክሩ ብዙ ቦታ ይበጣጠሳል፣ ጠጋኙም እንደ እብድ ይሠራል። የሕዋሷን ጉልበት አሟጦ ይጨርሰዋል። ያኔ ሕዋሷ የምትሞተው በቁስሏ ሳይሆን በጥገናው ነው።»

«ቤንዚኑን ጨርሶ» አለች እቴጌ ቀስ ብላ።

«ልክ ነዎት፣ ቤንዚኑን ጨርሶ።»

«እንዴ! ይሄማ ባሌ ነው!»

«አይ እትዬ፣ ኢንዛይሙን ነው…»

«ገብቶኛል ልጄ! ቁርጥ እሱን ነው እያልኩህ ነው። ግን እሱ ሲቆም ቀዳዳውን ማን ይደፍናል?»

«ሌሎችም ጠጋኞች አሉ፤ እሱንም ለጥቂት ጊዜ ነው የምንይዘው። ሳይጠገን የሚቀር ጉዳት ሊኖር ይችላል፣ አልዋሽዎትም። መድኃኒቱ ለአንዳንድ ካንሰር ይሰጣል፤ ለዚህ ሕመም ገና ሙከራ ላይ ነው። ያድነዋል ብዬ አልምልም። እምቢ ቢሉም ሌላው ሕክምና አይቋረጥም።»

«ወንድሜን የላቦራቶሪ አይጥ ልታደርጉት ነው?» አለ ባለከረባቱ። «በክብር ይሂድ!»

ክብር! የደከመው ሁሉ አረፍ የሚልባት አግዳሚ ወንበር።

«ጋሼ» አለች እቴጌ፣ «ለቀብር ለብሰው መጥተው ስለ ክብር ያወሩልኛል? ይልቅ ያንን ከረባት ይፍቱት፣ ሁለት ሬሳ መሸከም አልችልም።» ወደ ሐኪሙ ዞረች። «አስቁሙት። እኔ ስንት ዘመን ለምኜ እምቢ ያለኝን፣ እናንተ ከቻላችሁ አስቁሙልኝ!»

ፈረመች። ከዚያ ገብታ በጆሮው «ሰማህ? አርፈህ ተኛ። ዛሬ ጥገና የለም» አለችው። በትዳራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከራትም፤ ይኸው ነገር ነው ያስለቀሳት።

ቀናት አለፉ። ትኩሳቱ በረደ፣ የደም ግፊቱ ቀና አለ፣ ቱቦው ከጉሮሮው ወጣ። ሐኪሙ «አዲሱ መድኃኒት ይሁን፣ የቀድሞው ይሁን፣ የራሱ ግትርነት ይሁን፣ ከአንድ ሰው ተነስቼ ማወቅ አልችልም» አለ። እቴጌ ግን ግትርነቱን ታውቀዋለች።

አንድ ጠዋት ሰውዬው የአልጋውን ብረት ጨብጦ፣ እግሩ እንደ ሸምበቆ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ። የወንድምየው ስልክ ጮኸ፤ አክስቶቹ ናቸው። እቴጌ ነጠቀችው።

«ጠጋኙ ቆመ!» ብላ ጮኸች።

ከወዲያኛው በኩል ዋይታ ፈነዳ።

«በእግሩ!» አለች፣ ስልኩን እንደ መዶሻ ጨብጣ። «በእግሩ ነው የቆመው! ዝም በሉ፣ እናንተ ለቅሶ የማትጠግቡ!»